መዋጮውና ካዝናው፦ የካንሰር ማኅበር በኢትዮጵያ እንዴት እዚህ ደረሰ

በ1996 ዓ.ም. አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። በደም ካንሰር ባጡት ሕፃን ልጃቸው ስም ሰየሙት፤ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ። ያን ጊዜ በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ብሔራዊ የካንሰር ዕቅድ የሚባል ነገር አልነበረም። በየዓመቱ ስንት ሰው በካንሰር እንደሚያዝ የሚናገር መዝገብም አልነበረም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ትኩረት ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳና ኤች አይ ቪ ላይ ነበር፤ የለጋሾች ገንዘብም በዚያው መስመር ይፈስ ነበር። ካንሰር ገና የሀብታም አገር በሽታ ተደርጎ ይታይ ነበር።

ከሃያ ዓመት በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። መዝገቡ አለ፤ ዕቅዱ አለ፤ የትምባሆ ሕጉ አለ፤ ለልጃገረዶች የሚሰጥ ክትባት አለ። ሁሉም የመንግሥት ሥራዎች ናቸው፤ ወጪያቸውም የሚሸፈነው ከመንግሥትና ከዓለም አቀፍ ተቋማት ነው። ወትዋች ባይኖር ኖሮ ግን በዚህ ፍጥነት አይመጡም ነበር። የካንሰር ማኅበር ታሪክ መነበብ ያለበት ከዚህ አንጻር ነው። ማኅበሩ አገር የሚያሳክም ገንዘብ ኖሮት አያውቅም፤ ሊኖረውም አይችልም። ሥራው የሠመረለት በጥቂት መዋጮ ትልቁን የሕዝብ ካዝና ባንቀሳቀሰ ጊዜ ነው።

ለሞት የለመደ መዋጮ

የዚህ ዓይነቱ ተቋም አንዱ ሥር መርካቶ ውስጥ ይገኛል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የአገሬው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደምንለው ሥፍራ ሲዛወር፣ ከጉራጌና ከሌሎች አካባቢዎች የመጡ ነጋዴዎች ተራ በተራ ሰፈሩበት። ዘመድ በሌለበት ከተማ የሞተን ሰው ማን ይቀብረዋል? የእድርን አጀማመር ያጠኑ ብዙዎች መነሻውን ከእነዚሁ ወደ አዲስ አበባ ከፈለሱ ሰዎችና ከወረራው ዘመን ጋር ያያይዙታል።

አሠራሩን የማያውቅ የለም። ወርሃዊ መዋጮ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጥሩምባ ነፊ፣ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ለቀረ ሰው ቅጣት። ገንዘቡ የሚወጣው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ሰው ቤቱ ተኝቶ መድኃኒት ሲያጣ የእድሩ አባላት ይጠይቁታል እንጂ ሣጥኑን አይከፍቱለትም፤ ሲሞት ግን ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል። ይህን ልማድ የነቀነቀው ኤች አይ ቪ ነው። ቀብር ሲበዛ ሣጥኑ መራቆት ጀመረ፤ የአዲስ አበባ እድሮችም መተዳደሪያ ደንባቸውን እያሻሻሉ የታመመ ወደ መርዳትና ወላጅ ያጡ ልጆችን ወደ መደገፍ ገቡ። ለቀብር የተዘጋጀ ሣጥን ለሕይወትም ሊከፈት እንደሚችል በተግባር ታየ።

መርካቶ ከቀብር ውጭም ማዋጣት ያውቃል። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጅ ነጋዴዎች ለአገራቸው መንገድ ገንዘብ እያዋጡ የመንገድ ሥራ ማኅበር መሥርተው ነበር። ገንዘቡ ብቻውን መንገዱን አይጨርሰውም፤ ነገር ግን ገንዘብና የአባላት ዝርዝር ይዞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር የሚያንኳኳ ማኅበር፣ ባዶ እጁን ከሚለምን ይልቅ ይደመጣል። እኛ ይህን ያህል አዋጥተናል፣ የቀረው የእናንተ ነው የሚለው አነጋገር እምቢ ለማለት አይመችም። የካንሰር ማኅበራት ኋላ የሄዱበት መንገድ ይኸው ነው።

ሕጉም ቀድሞ በሩን ከፍቶ ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበራት ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ በ1959 ዓ.ም. ደግሞ የምዝገባ ደንብ ወጣለት። ከዚያ በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621 መጣና ቦታውን አጠበበው። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳዮች ላይ እንዳይሠራ ከለከለ፤ የአስተዳደር ወጪም ከ30 በመቶ እንዳያልፍ ገደበ። ሥልጠናና መጓጓዣ የመሳሰሉት እንደ አስተዳደር ወጪ ይቆጠሩ ስለነበር፣ ዋና ሥራው ማስተማር ለሆነ ድርጅት ገደቡ ራስ ምታት ነበር። ሰውን ስለ ጡት ካንሰር ለማስተማር ወደ ገጠር የሚሄድ መኪና ነዳጅ ሥራ ነው ወይስ አስተዳደር? ክርክሩ ለዓመታት ቀጠለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የውጭ ገንዘቡን ገደብ አነሣ፤ ማኅበራት ሕግና ፖሊሲ እንዲለወጥ መወትወት እንደሚችሉም በግልጽ አስቀመጠ።

ሌላው ዓለም እንዴት ጀመረው

በእንግሊዝ የንጉሣዊው የካንሰር ምርምር ፈንድ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። በአሜሪካ ደግሞ በ1913 ጥቂት ሐኪሞችና ነጋዴዎች ኒው ዮርክ ላይ ተሰብስበው፣ ኋላ የአሜሪካ ካንሰር ሶሳይቲ ተብሎ የታወቀውን ማኅበር መሠረቱ። የመጀመሪያ ሥራቸው ትምህርት ነበር፤ ሰዎች እብጠት ሲያዩ ሳይደብቁ ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ ማድረግ። መንግሥት የራሱን ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ያቋቋመው ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1937 ነበር።

ማኅበሩንና ካዝናውን ያገናኘችው በጎ አድራጊዋ ሜሪ ላስከር ናት። በ1940ዎቹ ወደ ማኅበሩ ስትመጣ ከተሰበሰበው ገንዘብ ለምርምር የሚውል ነገር አለመኖሩ አስገረማት። በመጀመሪያ ማኅበሩ ለምርምር ገንዘብ እንዲያሰባስብ አደረገች። ቆይታ ግን መዋጮ ምንም ያህል ቢበዛ የላቦራቶሪዎችን ወጪ እንደማይችል ገባት፤ ፊቷን ወደ ምክር ቤቱ አዞረች። ለዓመታት የተካሄደው ውትወታ በታኅሣሥ 1971 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፈረሙት ብሔራዊ የካንሰር ሕግ ተቋጨ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የካንሰር ምርምር ዋና ባለገንዘብ ግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው።

ፈቃደኞች ምን መሥራት እንደሚችሉ ያሳየው ደግሞ የሲጋራ ጥናት ነው። በእንግሊዝ ተመራማሪዎቹ ዶልና ሂል እ.ኤ.አ. በ1950 ሲጋራንና የሳንባ ካንሰርን ያገናኘውን ጥናት ያወጡት በመንግሥት የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ገንዘብ ነበር። በአሜሪካ ግን ሃመንድና ሆርን በ1952 የተነሡት በካንሰር ሶሳይቲው ሰዎች ተደግፈው ነው። 22 ሺህ ያህል ፈቃደኞች በየሰፈራቸው እየዞሩ፣ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 የሆኑ ወደ 188 ሺህ የሚጠጉ ወንዶችን ስለ አጫጫሳቸው ጠየቁ፤ በየዓመቱም ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማን እንደሞተ እየተመለሱ አጣሩ። ውጤቱ የማያሻማ ነበር፤ የሚያጨሱት ካላጨሱት ይበልጥ እየሞቱ ነበር። ያን ሁሉ ሰው በአካል የሚያውቅ፣ የሞተበትንም ቀን የሚመዘግብ ድርጅት ቅጥር ሠራተኛ ይዞ ቢነሣ ወጪውን አይችለውም ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን ስለሚያውቅ ግን ሥራው ሆነ። እድር ላለው ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

በፈረንሳይ ሊዮን የሚገኘው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም መነሻው የሕዝብ ገንዘብ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የታወቁ ፈረንሳውያን ለፕሬዚዳንት ደ ጎል ደብዳቤ ጻፉ፤ መንግሥታት ከመከላከያ በጀታቸው ግማሽ በመቶ ለካንሰር ምርምር ይስጡ አሉ። ግማሽ በመቶው አልተገኘም፤ ኤጀንሲው ግን በ1965 በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ተቋቋመ። ዛሬ ምን ዓይነት ጭስ፣ ምን ዓይነት ዘይት፣ ምን ዓይነት አቧራ ካንሰር እንደሚያመጣ የሚመድበው ይኸው ኤጀንሲ ነው።

አልጋ፣ መዝገብና ዕቅድ

ወደ አገራችን እንመለስ። የጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሥራ የጀመረው በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። የኮባልት ማሽኖቹ ለሁለት አሥርተ ዓመታት ያህል መላውን አገር አገለገሉ። ማሽን ሲበላሽ ወረፋው ይራዘማል፤ ተራው እስኪደርሰው ወራት የጠበቀ ታማሚ ሲደርስ በሽታው ከመዳን አልፎ ይገኛል።

የጨረር ሕክምና ደግሞ አንድ ቀን ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም። ብዙ ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለተከታታይ ሳምንታት ይሰጣል። ከጎንደር ወይም ከቦረና የመጣች እናት በአዲስ አበባ ዘመድ ከሌላት የት ታድራለች? አንዳንዷ በሆስፒታሉ በረንዳ፣ አንዳንዷ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ታድራለች፤ አንዳንዷም ሕክምናዋን ሳትጨርስ ትመለሳለች። የማቲዎስ ወንዱ ማኅበር ከክልል ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ ማዘጋጀቱ ከዚህ የተነሣ ነው፤ አልጋ፣ ምግብና ወደ ሆስፒታል መመላለሻ። ካንሰር የያዛቸው ሕፃናት ወላጆች የመሠረቱት ተስፋ አዲስም ለልጆቹና ለአስታማሚዎቻቸው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ነገሩ ሲታይ ትንሽ ነው። ነገር ግን መንግሥት በብዙ ሚሊዮን ያቆመው ማሽን ለዚያች እናት የሚጠቅመው ሌሊቱን የምታሳልፍበት አልጋ ካገኘች ብቻ ነው። እዚህ ላይ መዋጮው የካዝናውን ወጪ ከብክነት ያድናል።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር መዝገቡ ነው። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በጥቁር አንበሳ ተጀመረ፤ የመሩት የካንሰር ሐኪሙ ዶ/ር ማቴዎስ አሰፋ ሲሆኑ፣ በጀርመን የሃሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አብረዋቸው ሠርተዋል። ሥራው አድካሚ ነው። መዝጋቢዎች በከተማው ያሉ የመንግሥትና የግል ሆስፒታሎችንና ላቦራቶሪዎችን እየዞሩ የታማሚ ካርድ ይገልጣሉ፤ ዕድሜ፣ ፆታ፣ አድራሻ፣ ካንሰሩ የት አካል እንደወጣና በምን እንደተረጋገጠ ይቀዳሉ። አንድ ሰው በሦስት ሆስፒታል ታይቶ ሦስት ሰው ሆኖ እንዳይቆጠር ስሞችን ያመሳክራሉ። ነዋሪነቱ ከአዲስ አበባ ውጭ የሆነ ሰው ከከተማው ቁጥር አይገባም።

ከዚህ ልፋት የተገኘው ነገር አገሪቱ ስለ ራሷ የምታውቀውን ለወጠ። ከታማሚዎቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች ሆነው ተገኙ፤ ከፊት የቆሙትም የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ተመራማሪዎች ይህን መዝገብ መሠረት አድርገው እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ ወደ 64 ሺህ ሰው አዲስ በካንሰር እንደተያዘ ገመቱ። ለ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ ግምት ደግሞ ወደ 77 ሺህ አዲስ ታማሚና ወደ 52 ሺህ ሟች ይላል። ካንሰር የሀብታም አገር በሽታ ነው ለሚል ሰው ከዚህ ወዲህ የሚሰጠው መልስ ቁጥር ሆነ።

ቁጥሩ ሲመጣ ዕቅዱ ተከተለ። የመጀመሪያው ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ በ2008 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። በወቅቱ ቀዳማዊት እመቤት የነበሩት ወይዘሮ ሮማን ተስፋዬ የብሔራዊ የካንሰር ኮሚቴው ሰብሳቢ መሆናቸው ለጉዳዩ ክብደት ሰጠው፤ በ2008 ዓ.ም. ክረምት የማኅፀን በር፣ የጡትና የፕሮስቴት ካንሰርን በአፍሪካ ለመግታት የተጠራው ጉባኤም አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ካንሰር ሶሳይቲና የክሊንተን የጤና ተቋም ከፋይዘርና ከሲፕላ ኩባንያዎች ጋር ስምምነት አድርገው፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ስድስት የአፍሪካ አገሮች የካንሰር መድኃኒት በቅናሽ እንዲገዙ መንገድ ከፈቱ። የጨረር ሕክምናም በቅርብ ዓመታት ጅማን ጨምሮ ከአዲስ አበባ ውጭ መሰጠት ጀምሯል።

መንግሥት ሲጋራ ሻጭ ሆኖ

የማቲዎስ ወንዱ ማኅበር የፖሊሲ ክንዱን ያሳየው በትምባሆ ላይ ነው። ፈተናው ቀላል አልነበረም፤ በኢትዮጵያ ሲጋራ አምራቹ ራሱ መንግሥት ነበር። የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ለአሥርተ ዓመታት ገበያውን በብቸኝነት ይዞ ኒያላ ሲጋራን ሲያመርት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓኑ ትምባሆ ኩባንያ ከድርጅቱ 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በቀጣዩ ዓመት ሌላ ወደ 31 በመቶ በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨመረበት። ያን ያህል ዶላር ለአንድ የሲጋራ ፋብሪካ የሚከፍል ኩባንያ ምን አይቶ ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት መሠረት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 በመቶ ብቻ ነበር። ለሻጭ ይህ ገና ያልተነካ ገበያ ነው። ለካንሰር ማኅበር ደግሞ ገና ሳይታመም ሊድን የሚችል ሕዝብ ነው።

ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት ያጸደቀችው በ2006 ዓ.ም. ነው። ስምምነቱን ወደ አገር ውስጥ ሕግ ለማምጣት ግን ዓመታት ወሰደ። የማቲዎስ ወንዱ ማኅበርና አጋሮቹ ከምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ከምክር ቤት አባላትና ከጋዜጠኞች ጋር እየሠሩ ጉዳዩ እንዳይዘነጋ አደረጉ። በጥር 2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ጸደቀ። ሕዝብ በሚገለገልባቸው ዝግ ቦታዎች፣ በሥራ ቦታና በሕዝብ ማመላለሻ ማጨስ ተከለከለ፤ የትምባሆ ማስታወቂያ ሙሉ በሙሉ ታገደ፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ ቀረ፤ የፓኬቱ 70 በመቶ በማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍ እንዲሸፈን ታዘዘ። ብዙ ሰው ይህን አዋጅ የሚያስታውሰው የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ድንገት የጠፋበት ጊዜ በሚል ነው፤ አልኮልም ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ነውና ነገሩ አብሮ ይሄዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ በሲጋራ ላይ 30 በመቶ፣ በተጨማሪም በፓኬት 8 ብር ጫነ።

ሕጉና ኑሮው የሚለያዩበትን ለማየት መርካቶ መሄድ በቂ ነው። አብዛኛው ተሸካሚና ደላላ ሲጋራ የሚገዛው በፍሬ ነው። ሱቅ በደረቴው ፓኬቱን እጁ ላይ ይይዛል፤ ገዢው አንዷን ፍሬ ወስዶ ይለኩሳል፤ ላይተሩንም ከሻጩ ይዋሳል። ያ የታመመ ሳንባ ሥዕል ያለበት ፓኬት ቀኑን ሙሉ የሚቆየው ከሻጩ ጋር ነው። ማኅበሩ ያሸነፈው ሕጉን ነው፤ ገበያውን ማሸነፍ ሌላ ዓይነት ሥራ ይጠይቃል።

ኮምጣጤና መርፌ

የማኅፀን በር ካንሰር ከሁሉም ይልቅ ሊከላከሉት የሚቻል ነው። ምክንያቱ ቫይረስ መሆኑን ያሳየው ጀርመናዊው ሃራልድ ጹር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል፤ ይሠራ የነበረው በጀርመን በሕዝብ ገንዘብ በሚተዳደሩ ተቋማት ነው። ለክትባቱ መሠረት የሆነውን ሥራ ከሠሩት መካከል ደግሞ ዳግላስ ሎዊና ጆን ሺለር ይገኙበታል፤ ሁለቱም የአሜሪካው ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ናቸው። ላስከር የወተወተችለት ካዝና ፍሬው እዚህ ላይ ይታያል።

ክትባቱ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በሙከራ መልክ በጅማ ዞን ጎማ ወረዳና በትግራይ አህፈሮም ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ለመላ አገሪቱ የ14 ዓመት ልጃገረዶች ተከፈተ። በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው ዘመቻ ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ዶዝ ተሰጠ። በክንድ ላይ የሚወጋው ይህ መርፌ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሊመጣ የሚችልን በሽታ ዛሬ ይዘጋል።

ለእናቶቻቸው ያለው ነገር ሌላ ነው፤ ምርመራ። ፓዝፋይንደር ኢንተርናሽናል ከጤና ሚኒስቴር ጋር አዲስ ተስፋ በተባለ ፕሮጀክት በተመረጡ ጤና ተቋማት ያስጀመረው ዘዴ ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ይሠራበታል። ነርሷ በቀጭን አሴቲክ አሲድ የራሰ ጥጥ የማኅፀን በር ላይ ታስነካለች፤ ነገሩ ቤት ውስጥ ያለው ኮምጣጤ ነው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ በብርሃን ታያለች። ጤነኛው ክፍል ሮዝ እንደሆነ ይቆያል፤ ወደ ካንሰር ሊሄድ የሚችለው ይነጣል። ነጣ ካለ እዚያው በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል፤ ሴትየዋም ያኑ ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም፤ ውጤት ለመውሰድ ነገ ተመለሺ የሚል ቀጠሮ የለም። የሚያስፈልገው ሴትየዋን ሳትታመም ጤና ጣቢያ የሚያመጣ ሰው ነው። ማኅበራት የሚሠሩት ይህንን ነው፤ የእድር ስብሰባ ላይ፣ ገበያ ውስጥ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ቤት ለቤት።

ምን አለሽ ተራ የጎደለው

እስካሁን የተቆጠረው ሁሉ ቤትንና አካልን የሚመለከት ነው። ሰው በሥራው ላይ የሚያገኘው አደጋ ግን ገና አልተነካም። ይህን ለማየት መርካቶ ውስጥ ካለው ምን አለሽ ተራ የተሻለ ቦታ የለም።

ቆራሊዮ ከየሰፈሩ የለቀመው ቆርቆሮ፣ ጀሪካን፣ የመኪና ዕቃና የፈረሰ ብረት የሚራገፈው እዚህ ነው። አንድ በርሜል እንከተል። ክዳኑ በመሮና በመዶሻ ይፈለጣል፤ ሆዱ ተሰንጥቆ በምት ይዘረጋል፤ ዝገቱና ቀለሙ ይፋቃል። ከዚያ የከሰል ምድጃ፣ የምጣድ ክዳን፣ ባልዲ ወይም የበር ማጠፊያ ሆኖ ይወጣል። ቀድሞ ምን እንደነበረበት የሚናገረው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ተልጧል። ብየዳው ከጎን ይብለጨለጫል፤ የሚበይደው ወጣት አንዳንዴ የፀሐይ መነጽር ያደርጋል፤ አፉንና አፍንጫውን የሚሸፍንለት ነገር ግን የለም። የተቃጠለ ዘይት እጅ ላይ፣ ልብስ ላይ ይውላል። የመኪና ባትሪ ሲፈታ አሲዱና እርሳሱ ይወጣል። ከጎን የናፍጣ መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ዕቃ ያወርዳል።

የሊዮኑ ኤጀንሲ ከእነዚህ ብዙዎቹን መድቧቸዋል። የናፍጣ ሞተር ጭስን እ.ኤ.አ. በ2012፣ የብየዳ ጭስን በ2017 ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ምድብ አስገብቷቸዋል። ያልተጣራ የማዕድን ዘይት፣ የጠንካራ አሲድ ብናኝና በአሮጌ የፍሬን ሸራ ውስጥ የነበረው አስቤስቶስም ከዚያው ምድብ ናቸው። የእርሳስ ውሑዶች አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ይገኛሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ለሠራተኛው ደኅንነት መጠበቂያ እንዲሰጥ ያዝዛል። ምን አለሽ ተራ ያለው ግን ብዙው ራሱን የቻለ፣ ራሱ ገዝቶ ራሱ የሚሸጥ ነው። ያለ አሠሪ የሚሠራን ሰው ያ ሕግ አይደርስለትም።

እዚህ ላይ የጥንት ታሪክ ይጠቅማል። እንግሊዛዊው ቀዶ ጠጋኝ ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1775 የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች በጥላሸቱ ምክንያት በቆለጥ ቆዳቸው ላይ ካንሰር እንደሚወጣባቸው ጻፈ። ሥራና ካንሰር ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ የተገናኙት በዚህ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የዴንማርክ ጭስ ማውጫ ጠራጊዎች ማኅበር አባላቱ በየቀኑ እንዲታጠቡ አዘዘ። በጥላሸቱ ውስጥ ካንሰር የሚያመጣው ምን እንደሆነ ገና ሳይታወቅ፣ አንድ የሙያ ማኅበር ይህን ወሰነ። በሚቀጥለው መቶ ዓመት በእንግሊዝ ጠራጊዎች ላይ የቀጠለው በሽታ በዴንማርክ ጠራጊዎች ላይ እምብዛም እንዳልሆነ ተስተዋለ።

ምን አለሽ ተራ ላይ እንዲህ ዓይነቱን ውሳኔ የሚወስድ አካል አለ፤ እድሩና እቁቡ። በየጊዜው ይሰበሰባል፤ አባላቱን በስም ያውቃል፤ የቀረውን ይቀጣል፤ የተወሰነውን ያስፈጽማል። የካንሰር ማኅበር ወደዚያ ስብሰባ ሲገባ ይዞት የሚሄደው ምክር ሊሆን አይችልም፤ ምክር ሁሉም ሰምቶታል። መሄድ ያለበት ለመፈጸም የሚቻል ነገር ይዞ ነው፤ ሳሙናና ውኃ ያለበት መታጠቢያ፣ በጅምላ የተገዛ የብየዳ ጭንብል፣ ልብስን ዘይት እንደነካው ወደ ቤት ይዞ ያለመሄድ ልማድ፣ በርሜል ከመቆረጡ በፊት ምን እንደነበረበት መጠየቅ። ከፊሉን እድሩ፣ ከፊሉን ማኅበሩ ይችላል። ሌላውን ክፍለ ከተማው፤ ግብር ከፋይ የሆነ ሁሉ ውኃና የፍሳሽ መስመር ሊጠይቅ ይገባዋልና።

ትልቁ ጥያቄ ደግሞ ለምርምር የሚቀመጠው ነው። በካንሰር መዝገብ ላይ የታማሚው ሥራ በዝርዝር ቢሰፍር፣ ነጋዴ ወይም የቀን ሠራተኛ ተብሎ ሳይታለፍ በያጅ፣ ባትሪ ፈቺ፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ተብሎ ቢጻፍ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የትኛው ተራ ላይ የትኛው በሽታ እንደሚበዛ መጠየቅ ይቻል ነበር። ለዚህ አዲስ ሕንፃም አዲስ ማሽንም አያስፈልግም፤ ካርድ ላይ አንድ መስመር የሚጽፍ፣ መስመሩንም ሳይሞላ የማያልፍ መዝጋቢ ይበቃል። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ለሥጋ ደዌ ምርምር የተቋቋመ ነበር፤ ኋላ ለኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተላልፎ ዛሬ የሕዝብ ተቋም ሆኗል። በመዋጮ የተጀመረ ምርምር የመንግሥት ሥራ ሆኖ እንደሚቀጥል የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል።

የካንሰር ማኅበር ስንት ሰው አሳከመ ብሎ መጠየቅ የለመድነው ጥያቄ ነው፤ መልሱም ሁልጊዜ ያሳዝናል፤ ከታማሚው ብዛት አንጻር ጥቂት ነውና። የሚሻለው መለኪያ ሌላ ነው። ማኅበሩ በመኖሩ መንግሥት ቀድሞ የማይከፍለውን ምን መክፈል ጀመረ? መዝገቡ፣ ሕጉና ክትባቱ ለዚህ የሚሰጡ መልሶች ናቸው። በያጁ ገና በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ የሚቀጥለው ምዕራፍ ሥራም እሱን ማስገባት ነው።